መሃል የሚቆሙት አባትሽ

ለምወድሽ እናቴ ለኤልቪራ ላው፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ የአራተኛ ፎቅ ደረጃ አሁንም ትንፋሽሽን ይቆርጠዋል? የምታስታምሚያቸው ሲኞራ ኢዳስ እንቅልፍ ይሰጡሻል ወይስ እንደ ድሮው መነጽራቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ፈልጊልኝ ይላሉ? ሚላን አሁን በጋ ነው አሉ። ሙቀቱ ያንን ራስ ምታትሽን እንዳይቀሰቅስብሽ እሰጋለሁ። እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ሁዋቾ ግን ክረምቷ ነው፤ ፀሐይ ካየን ሰነበትን፣ ካፊያው አይዘንብ አያባራ፣ ያጠብኩት ልብስ ገመድ ላይ እንዳለ ይሸታል። አክስቴ ዴልፊናም ደህና ናት። ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ምግብ ቤቷን በምርኩዝ እየዞረች ሰውን ሁሉ ትቆጣለች። አባትሽም ደህና ናቸው። አውቃለሁ፣ እዚህ ላይ ስትደርሺ ወረቀቱን ልታጥፊው ነው። አፈር ስሆን እማዬ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

በስልክ እንዳልነግርሽ የእሳቸውን ስም ባነሳሁ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል። የሚላን ስልክ በአንድ ሰው ስም ብቻ የሚበላሽ መሆኑ እየገረመኝ ደብዳቤ መጻፍ መረጥኩ። በመስከረም አያቴ ዘጠና ዓመት ይሞላቸዋል፤ በቻይናውያን ማኅበር አዳራሽ ድግስ አለ። ትመጫለሽ ወይ ብዬ ብጠይቅሽ «ለድግሱ የሚሆን እልክላለሁ፤ እኔ ግን ያ ሰውዬ ባለበት አልቀመጥም» ብለሽ መለስሽልኝ። ይህን ሁሉ የምጽፈው መልስሽን ላስለውጥሽ ነው። ከወዲሁ ነግሬሻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። በግንቦት አክስቴ ሆስፒታል ስትተኛ አያቴን የሚያይ ሰው ጠፋ። ሊማ የምሠራበት ፎቶ ቤትም ሥራው ቀዝቅዞ ነበርና ካሜራዬን አንጠልጥዬ መጣሁ። ለአንድ ወር ብዬ የወጣሁት ሴትዮ ይኸው እስካሁን አለሁ። አያቴን እስከዚያ ድረስ የማውቃቸው በዓመት አንድ ጊዜ፣ አክስቴ ለገና ስታመጣኝ፣ ብርቱካን ሰጥተውኝ ራሴን ሲዳብሱኝ ብቻ ነበር። አሁን ግን ጠዋት የሩዝ ገንፏቸውን የምሠራው እኔ ነኝ። ከገንፎው ጋር የሁዋቾን ቋሊማ በእንቁላል ካልጠበስኩላቸው ያኮርፋሉ። ሐኪሙ ከልክሏቸዋል ብላቸው «ሐኪሙ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ። አርባ ይሆነዋል አልኳቸው። «እንግዲያው ዘጠና ሲደርስ ይምጣና ይምከረኝ» አሉ።

አንድ ቀን ገንፏቸውን ጨርሰው አፋቸውን ጠረጉና «አንቺ ልጅ፣ የመታወቂያ ፎቶ ታነሻለሽ አይደል? እንግዲህ ከሄድኩ በኋላ ከፊቱ ብርቱካን የምታስቀምጡልኝን ፎቶ አንሺኝ» አሉኝ። ደነገጥኩ። አባትሽ «መሞት» የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ እንደማያውቅ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ፤ ሁልጊዜ «መሄድ» ነው። አክስቴን ብነግራት ሳቀችብኝ። በአገራቸው አረጋውያን ይህን ፎቶ በቁማቸው፣ በደህና ልብሳቸው ይነሱታል፤ ቀድሞ የተዘጋጀ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይላሉ። አያቴ ሲሄዱ የሚለብሱትን ልብስ እንኳ ካሰፉ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ብል እንዳይበላው በየዓመቱ የምታወጣው እሷ ናት።

እኔም ሙያዬን ላሳያቸው ብዬ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ፣ ብርሃኑን በአንድ ወገን አድርጌ፣ ግማሽ ፊታቸው በጥላ ውስጥ እንዲሰወር አድርጌ አነሳኋቸው። ሊማ ያለው አለቃዬ ቢያየው ግድግዳ ላይ ይሰቅለው ነበር። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ አያቴ አገላብጠው አዩት፤ ከጀርባውም ፈለጉ። «ግማሹን ፊቴን የት ጣልሽው?» አሉኝ። ጥበብ ነው ብዬ ላስረዳ ስሞክር «ልጆቼ ሲጠሩኝ በየትኛው ጆሮዬ ልስማ? አንድ ጆሮ ያለው አያት ግማሹን ጸሎት ብቻ ነው የሚሰማው» አሉ። ለካስ በእነሱ ወግ የመታሰቢያ ፎቶ ፊት ለፊት ነው፤ ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት፣ ጥላ የሚባል ነገር አይገባበትም። የመታወቂያ ፎቶ ማለት ነው እማዬ! ሰባት ዓመት ሙሉ ስሠራው የኖርኩትንና ስንቀው የኖርኩትን።

እንዲህ ሆኖ በየጠዋቱ እንቀመጥ ጀመር። አያቴ ዝም ብለው ከተቀመጡ ፊታቸው እንደ ፖሊስ ይሆናል፤ ሲያወሩ ብቻ ነው የሚፈታው። ስለዚህ አስወራቸዋለሁ። ስለ መንደራቸው ነገሩኝ፤ ዓሣ ስለሚረባበት ኩሬ፣ ባሕር ማዶ የሄዱ ሰዎች በላኩት ገንዘብ ስለተሠራው የጡብ ግንብ፣ ስለ ታላቅ ወንድማቸው ስለ ሰክ ሊም፤ ሰክ ሊም ጎሽ ላይ ተቀምጦ ዋሽንት ይነፋ ነበር አሉ። «ላው» የሚለውን ስማችንን በብሩሽ መጻፍ አስተማሩኝ። መጀመሪያ የጻፍኩትን ሲያዩ «ይሄ ሰካራም ዶሮ የሄደበት ነው» አሉ፤ አሁን ግን «ዶሮዋ ስካሩ ለቀቃት» ብለውኛል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቻይናዊነቴ ግን ከሩዝ ጥብስና ከዓይኔ ቅርጽ አልፎ አያውቅም ነበር። ትምህርት ቤት «ቻይናዋ» ሲሉኝ እደባደብ ነበር፣ ታስታውሻለሽ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔን ግን ያ ኩሬ ናፈቀኝ። ደግሞ በካሜራው ቀዳዳ ሳያቸው ያ አገጭ ያንቺ ነው። እልሁም እዚያው አገጭ ላይ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በሐምሌ የመጨረሻው እሑድ ፎቶው አማረልን። ዶን ሲዩ፣ ያ የማኅበሩ ጸሐፊ የነበሩት የአያቴ ወዳጅ፣ ብርቱካን ይዘው ለምሳ መጥተው ነበር። አክስቴ «እንግዲህ ሦስታችንም አብረን እንነሳ፤ ዶን ሲዩ ይጫኑልን» አለች። ጉልበቷ ስለሚያማት ወንበር አምጥቼ መሃል አስቀመጥኳት፤ እኔ በቀኝ፣ አያቴ በግራ። ዶን ሲዩ ዓይናቸውን ካሜራው ላይ ከማድረጋቸው አያቴ ብድግ አሉና በምርኩዛቸው የአክስቴን ወንበር ይገፉ ጀመር። «ተነሺ ከዚያ!» «አባባ፣ ጉልበቴ!» «ጉልበትሽን ይዘሽ ወደ ዳር!» አስነሷትና ራሳቸው መሃል ተቀመጡ፤ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ «አሁን ጫን» አሉ።

ደሜ ፈላ። የሊማው ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው የሠርግ ፎቷችሁ ትዝ አለኝ። እኔ ያንን ፎቶ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ በአንቺና በአባዬ መካከል የሚወርደውን የመቀስ መስመር፣ ቬልሽ ላይ የቀረችውን የማን እንደሆነች የማትታወቅ ጣት። የነገርሽኝም ትዝ አለኝ። አባዬ ቻይናዊ ስላልሆነ አያቴ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፍገውት ነበር። በሠርጋችሁ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፎቶ አንሺው የሙሽራዋን አባት ሲጠራ መጡና እጅሽን ከአባዬ ክንድ አላቅቀው በመካከላችሁ ገብተው ቆሙ። ከተማው «ቻይናው ሙሽሮቹን ደጃፉ ላይ አፋታቸው» ብሎ ሳቀባችሁ። በዚያው ሳምንት ሁዋቾን ለቃችሁ ወጣችሁ። አንቺም ከዚያ ወዲያ ከእሳቸው ማዕድ ቀርበሽ አታውቂም።

ዝም ማለት አልቻልኩም። «እናቴንም በሠርጓ ቀን ያደረጓት ይህንኑ ነው» አልኳቸው። «ከባሏ መሃል ገብተው ቆሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያቃጠላት ይኸው ነው። አክስቴስ ምን አድርጋ ነው ወንበሯን የሚነጥቋት?» አክስቴ አፏን ያዘች። አያቴ ዞረው አዩኝ፤ የተናገርኩትን ጆሯቸው በደንብ ያልሰማው መስሎኝ ነበር። «ኤልቪራ የተቀየመችኝ በዚያ ፎቶ ነው?» አሉ።

ዶን ሲዩ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ የአያቴን ፊት ሲያዩ ሳቁን ዋጡት። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ አልነገረችሽም?» አሉኝ። «ሦስት ሰው አብሮ ፎቶ ከተነሳ መሃል ያለው ነው ቀድሞ የሚሄደው። ይህን የማያውቅ ቻይናዊ ምኑ ቻይናዊ ነው! ይሄ አያትሽ ሆዬ ዕድሜ ልኩን ሦስት ሰው ባየ ቁጥር እየሮጠ መሃል ይገባል። በማኅበሩ በዓል ላይ እኔንና ሚስቴን እንኳ ገፍትሮን ገብቷል። ሚስቴ እስከ ዛሬ ወዶኝ ነው ትላለች።»

እማዬ፣ ወደ አያቴ ዞርኩ። ለምን አልነገሯትም ብዬ ጠየቅኳቸው። «መቼ?» አሉኝ። «በሠርጓ ቀን? ልጄ ሆይ፣ ከአንቺና ከባልሽ አንዳችሁ ቀድማችሁ ትሄዳላችሁ ልበላት? በደስታ ቀን የተነገረ ክፉ ቃል ደስታውን ተከትሎ ይገባል።» እንግዲያው ፎቶው ይቅርብኝ ለምን አላሉም አልኳቸው። «የሙሽራ አባት ፎቶ አልነሳም ካለ ከተማው አባቷ ረገማት ይላል። ስለዚህ ገባሁ። ዳር ብቆም ከሁለቱ አንዳቸው መሃል ሊሆኑ ነው፤ ስለዚህ መሃል ገባሁ። የምታውቀው መስሎኝ። ማን ነው ይህን የማያውቅ?» አሉ። በኋላ ቀስ ብለው ስለ ሰክ ሊም ነገሩኝ። አያቴ ወደ ፔሩ ሊሳፈሩ ሲሉ ሦስቱ ወንድማማቾች ፎቶ ተነሱ፤ ሰክ ሊም ታላቅ ነውና መሃል ቆመ። አያቴ ካያኦ ወደብ ወርደው ገና ሥራ ሳይለምዱ የሰክ ሊም መርዶ ደረሳቸው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ።

ከዚያ አንድ ነገር አሉ። «ለአባትሽ ለኢስማኤልም ቆሜለት ነበር» አሉ። «አለፈኝና ሄደ። እኔ ይኸው ቁጭ ብያለሁ።» አለቀሱ እማዬ። አባትሽ አለቀሱ። ለአባቴ። ዶን ሲዩ ብርቱካን ልጠው ከፈሏትና አንዷን ፍሬ በእጃቸው አስያዟቸው።

እኔ በዚህ ነገር አላምንም። ስንት ሺህ ሰው አንስቻለሁ፤ ካሜራ ማንንም አይወስድም። አባዬንም የወሰደው ሳንባው ነው። ግን እሳቸው ያምናሉ፤ አምነውም ገቡበት። ዓመት ሙሉ ሰላም ላላሉት ሰው ሲሉ ሞት ይቆምበታል ብለው የሚፈሩበት ቦታ ላይ ሄደው ቆሙ። እኛ ደግሞ በመቀስ ቆርጠን አወጣናቸው። አንቺን ለመውቀስ አይደለም፤ ብትነገሪ ኖሮ አትቆርጪም ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኛ ቤት ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

ያንን ሰላምታ የነፈጉበትን ዓመትስ ትይኛለሽ። እኔም ይህንኑ ጠየቅኳቸው። ሳያቅማሙ «እሱ ጥፋቴ ነው» አሉ። «የሰው ልጅ ሰው መሆኑን ለማወቅ ዓመት ፈጀብኝ። በእሱ ትቀየመኝ፣ መብቷ ነው። በፎቶው ግን አትቀየመኝ።» ቃላቸው ይኸው ነው፤ አልጨመርኩም አልቀነስኩም።

በማግስቱ አክስቴን «ኢስማኤል የሚወደው ምግብ ምን ነበር?» ብለው ጠየቋት። በመራራ ብርቱካን የተቀቀለ ዳክዬ አለቻቸው። ሥሪልኝ አሏት፤ በምርኩዟ ቆማ ሠራች። ዶን ሲዩ ነገሩ ሲገባቸው አያቴን «ፌርሚን፣ አበድክ እንዴ? ሽማግሌ ለልጁ መቃብር አይሄድም፣ ሥርዓቱን ረሳኸው?» አሉ። አያቴም «አልረሳሁም። አንተ ድስቱን ተሸከምና ዝም በል» አሏቸው። ለአባዬ ቀብር ያልመጡት በዚሁ ሥርዓት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አንቺም እንደኔ ሌላ ነገር መስሎሽ እንደነበር አውቃለሁ።

በካፊያው ውስጥ አባዬ በትውልድ ከተማው ወዳረፈበት መካነ መቃብር በዝግታ ሄድን። ሥርዓቱን ጥሰው የመጡት ሰውዬ የመቃብሩን ድንጋይ በመሐረባቸው ጠረጉ፣ ዳክዬውን አቀረቡ፣ ቢራ ከፈቱለት፣ ምርኩዛቸውን ለኔ ሰጥተው ጎንበስ አሉ። ከዚያ በቻይንኛ ብዙ ነገር አወሩት። እኔም በሆዴ ያለው አምልጦኝ «አያቴ፣ አባዬ እኮ ቻይንኛ አይሰማም» አልኳቸው። «አሁን ጊዜ አለው፤ ይማር» አሉኝ። እዚያው መቃብሩ ላይ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ይህን ፎቶ አላነሳሁም፤ ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር፣ እጄ ግን እሺ አላለኝም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልሽ ለመታሰቢያ የተመረጠው ፎቷቸው ነው። ሁለቱም ጆሯቸው አለ፤ ጥላ የለበትም። ሊናገሩ አፋቸውን የከፈቱ ይመስላሉ፤ በእርግጥም ስለ ቋሊማው ሊጨቀጭቁኝ ሲሉ ነው ያነሳኋቸው። ልጄ ልታየው ይገባል ያሉኝ እሳቸው ናቸው። አይተሽ መልሺው አልልሽም። ሰውየውን ራሳቸውን መጥተሽ እይልኝ ነው የምልሽ። የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ቀጠሮ የሚያስረዝምበት አቅም የለውም፤ ነገርም ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ሲኞራ ኢዳን አብራሽ ያለችው ኔሊ ለሁለት ሳምንት ብታይልሽ ትችላለች፤ እሷን ለብቻዋ ጽፌ ለምኛታለሁ። ያላንቺ ፈቃድ ነው፤ ብትቆጪም ቻልኩት።

ለኔሊ የናፍቆት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እናቷ ደህና ናት፣ ገበያ ላይ አግኝቻት ሳምንት ሙሉ የሚበቃ ወሬ አውርታኛለች። ለሲኞራ ኢዳም ሰላም በይልኝ፤ እናቴን ለጥቂት ቀን እንዲያውሱኝ ንገሪያቸው። ዶና ኦርቴንሲያ፣ ያች ፎቃችሁ ውስጥ የምትኖረው የአሪኪፓ ሴት፣ ሞት ይርሳኝና ልረሳት ነበር፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል፣ እጇን ሳሚልኝ። ከዚህ ወገን አክስቴ ዴልፊና «ካልመጣሽ ምርኩዜን በፖስታ እልክልሻለሁ፤ ራስሽን ምቺበት» ትልሻለች። ዶን ሲዩም በጣም ሰላም ይሉሻል።

አያቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታ ልከውልሻል። የድግሱ ቀን ስለምንነሳው ፎቶ ስንነጋገር እኔ፣ አክስቴና እሳቸው ሦስት እንሆናለን ብለው ተጨነቁ። ኤልቪራ ከመጣች አራት ትሆናላችሁ አሏቸው ዶን ሲዩ፤ ወዲያው ግን አራት በእነሱ ዘንድ የባሰ ክፉ ቁጥር መሆኑ ትዝ ሲላቸው ምላሳቸውን ነከሱ። እርስዎ ሲጨመሩ አምስት ነን ብላቸው «መሃል የሚሆነው ማን ሊሆን ነው? እኔ ገና ሰማንያ ሁለቴ ነው!» ብለው ጮኹ። አያቴ በጣታቸው ሲቆጥሩ፣ ሲደምሩ፣ ሲቀንሱ ቆዩና ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አንኳኩ። ለኤልቪራ ጻፊላት አሉኝ፤ «መቁጠሩን ትቼዋለሁ በያት። ትምጣና ደስ ያላት ቦታ ትቁም። እኔ ከጎኗ እቆማለሁ።»

የምትወድሽ ልጅሽ ሮሳውራ

ሁዋቾ፣ ፔሩ
ኦገስት 17 ቀን 1997